ከሥዕል ሳጥን ወደ ሲኒማ፦ ቲንቲን እንዴት ፊልም ሆነ?

አንድ የታወቀ የኮሚክ መጽሐፍ ወደ አኒሜሽን ፊልም ሊመለስ ነው ሲባል ብዙ ሰው ሥራው ግማሽ ያለቀ ይመስለዋል። ገጸ ባሕርያቱ ተሥለዋል፣ ልብሳቸው ቀለም ተቀብቷል፣ ንግግራቸው ተጽፏል፤ ነገሩ ከየት በኩል እንደሚታይ እንኳ በየሥዕሉ ተወስኗል። የቀረው ሥዕሎቹን ማንቀሳቀስ ብቻ ይመስላል። ሥራውን የሞከሩት ግን ሌላ ይላሉ። ልብ ወለድን ወደ ፊልም የሚመልስ ሰው የሚፎካከረው እያንዳንዱ አንባቢ በሐሳቡ ከሣለው መልክ ጋር ነው፤ ያ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ኮሚክን የሚመልስ ሰው ሁሉም በዓይኑ ያየውንና በልጅነቱ ያጠናውን መልክ ይዞ ነው የሚነሳው። ትንሽ ቢያዛንፍ ወዲያው ይታወቅበታል፤ እንዳለ ቢገለብጠው ደግሞ ፊልም አይወጣውም።

ለዚህ ጉዳይ በ2011 ለዕይታ ከበቃው የቲንቲን ፊልም የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለ ቁንጮው ወጣት ጋዜጠኛ ቲንቲንና ነጩ ውሻው መጀመሪያ የታዩት ጃንዋሪ 10 ቀን 1929 ብራሰልስ ይታተም ከነበረ ጋዜጣ ጋር በሚወጣ የልጆች እትም ላይ ነው። ሠዓሊው ጆርጅ ረሚ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ኤርዤ በሚለው የብዕር ስሙ ነው። በ1983 እስኪሞት ድረስ 23 መጻሕፍት አጠናቅቆ 24ኛውን በጅምር ትቷል።

ፊልሙን የሠራው ስቲቨን ስፒልበርግ የቲንቲንን ስም የሰማው በአጋጣሚ ነው። በ1981 ስለ አርኪዮሎጂስቱ ኢንዲያና ጆንስ የሠራው የመጀመሪያ ፊልም ሲወጣ፣ አንድ የፈረንሳይኛ ግምገማ ሥራውን ከቲንቲን ጋር አነጻጸረው። ስፒልበርግ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ መጻሕፍቱን አስመጣ፤ ቋንቋውን ባያውቅም ሥዕሎቹን ተከትሎ ታሪኩን ተረዳ። ከኤርዤ ጋር ሊገናኙ ሲሉ ሠዓሊው በማርች 1983 ሞተ። የፊልም መብቱ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ጊዜው አለፈበት፣ በ2002 እንደገና ተገዛ፤ ፊልሙ ሲኒማ ቤት የደረሰው ከመጀመሪያው ሐሳብ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። መዘግየቱ የሰነፎች መዘግየት አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ማንም አጥጋቢ መልስ ያላገኘለት ጥያቄ ነበር፤ በሥዕሎቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ምን ይገባል?

ሰዓቱ የማን ነው?

ኮሚክ ስናነብ ሰዓቱ በእጃችን ነው። ደስ ያለንን ሥዕል ደጋግመን እናያለን፤ የማይስበንን ዘለን እናልፋለን፤ ወደ ኋላ ገልጠን «ይህን ሰውዬ የት ነበር ያየሁት?» ብለን እናጣራለን። ሲኒማ ቤት ስንገባ ሰዓቱን ዳይሬክተሩ ይረከበናል። ሁሉም ተመልካች በአንዱ ሰከንድ አንድ ነገር ያያል፤ ያመለጠው አመለጠው ነው። ኮሚክን ወደ ፊልም በመመለስ ሂደት የሚነሱት ችግሮች፣ የገጸ ባሕርይ ፊትም ይሁን የባላንጣ ምርጫ፣ ሥራቸው ሲቆፈር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚገኘው።

አንድ ትንሽ ነገር እንይ። በአንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ሰው ከደረጃ ጫፍ ላይ እግሩን አንሥቷል፤ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው። በሚቀጥለው ሳጥን መሬት ላይ ተዘርሯል፤ በጭንቅላቱ ዙሪያ ከዋክብት ይሽከረከራሉ። በሁለቱ መካከል ያለችው ነጭ ክፍተት ከጣት ጥፍር የሰፋች አይደለችም። መውደቁን የፈጸመው አንባቢው ነው፤ ስንት ደረጃ እንደተንከባለለ፣ በየትኛው ትከሻው እንደወደቀ፣ ምን ድምፅ እንደተሰማ ማንም አልነገረውም። ስለዚህም ያስቃል፤ ያልታየ አወዳደቅ አያምም። ፊልሙ ያንኑ ትዕይንት ሲሠራ ክፍተቷን መሙላት ግዴታው ነው። ሰውየው ክብደት ይኖረዋል፣ ደረጃው እንጨት ወይም ድንጋይ ይሆናል፣ ጭንቅላቱ ሲመታ የሚሰማ ነገር አለ። አኒሜተሩ ትንሽ ካከበደው ልጆች ይደነግጣሉ፤ ትንሽ ካቀለለው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እውነተኛ አደጋ የሚያምን ተመልካች አያገኝም።

ይህን በቁጥር መገመት ይቻላል። ፊልሙ የ107 ደቂቃ ርዝመት አለው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ስለሚያሳይ በድምሩ ከ154 ሺህ በላይ ምስል ይሆናል። መነሻ የሆኑት ሦስት መጻሕፍት እያንዳንዳቸው 62 ገጽ ናቸው። በአንድ ገጽ 12 ሥዕል አለ ብለን በለጋስነት ብንቆጥር እንኳ ከ2 ሺህ 300 አይዘልም። ከ150 ሺህ በላይ የሚሆነውን ምስል ኤርዤ አልሣለውም። «መጽሐፉን በታማኝነት እንመልሰው» የሚለው ቃል ኪዳን እዚህ ሒሳብ ፊት ሲቆም ብዙም አይቆይም።

ሌላም ጣጣ አለ። ሦስቱ ታሪኮች መጀመሪያ የወጡት ቤልጅየም በናዚ ጀርመን ተይዛ በነበረችበት ዘመን፣ «ለ ሷር» በተባለው ጋዜጣ ላይ ነው። «ወርቃማ ጥፍር ያለው ሸርጣን» በ1940 ተጀመረ፤ ወረቀት እየጠፋ ሲሄድ ኤርዤ ቀድሞ በሳምንት በገጽ ይሠራው የነበረውን ትቶ በየቀኑ አንዲት ረድፍ ሥዕል ብቻ ወደ ማውጣት ተገደደ። «የዩኒኮርን ምስጢር» እና ተከታዩ «የቀዩ ራክሃም ሀብት» በ1942 እና በ1943 የወጡት ሙሉ በሙሉ በዚሁ መልክ ነው። በሦስት ወይም በአራት ሥዕል ውስጥ አንድ ነገር መሆን አለበት፤ በመጨረሻውም ሥዕል ላይ አንባቢውን ነገ ጋዜጣ የሚያስገዛ ማንጠልጠያ መኖር አለበት። የበር መንኳኳት፣ የጠፋ ቦርሳ፣ በመስኮት የሚገባ ጥላ። የጋዜጣው አንባቢ በቀን አንድ ማንጠልጠያ ይደርሰዋል፤ እስከ ነገ ያብሰለስለዋል። የፊልሙ ተመልካች ሁሉንም በተከታታይ ቢቀበል ትንፋሽ ያጥረዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ከፊልሙ አጋማሽ በኋላ እኔ የምታዘበው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ማሳደድ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ጊዜ እየጠበበ ይሄዳል።

ለምን ሦስት መጽሐፍ?

ብዙ አንባቢዎችን ያስቆጣው ሦስት መጻሕፍት ተቀላቅለው መቅረባቸው ነው። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት በፊልሙ ሥራ ውስጥ ብልሃት የታየበት ዋናው ቦታ ይኸው ነው። ጽሑፈ ፊልሙን የጻፉት ሦስት ብሪታንያውያን፣ ስቲቨን ሞፋት፣ ኤድጋር ራይትና ጆ ኮርኒሽ፣ ምን እንዳስቸገራቸው ለመረዳት የዩኒኮርንን ታሪክ ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቲንቲን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የአንዲት ጥንታዊ መርከብ ሞዴል ይገዛል። መርከቧ ዩኒኮርን ትባላለች፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን አዛዧ ሰር ፍራንሲስ ሃዶክ የቲንቲን ወዳጅ የካፒቴን ሃዶክ ቅድመ አያት ነበሩ። ሦስት ሞዴሎች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንዳንድ ብራና ተደብቋል፤ ሦስቱ ሲገናኙ ሀብቱ ያለበትን ያመለክታሉ።

ይህ ለምስጢር ታሪክ ግሩም ነው። ለቤተሰብ ፊልም ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የሚለወጥ ሰው የለበትም። ቲንቲን በመጀመሪያው ገጽ ደፋርና ቅን ነው፤ በመጨረሻውም ገጽ እንዲሁ። ለተከታታይ መጽሐፍ ይህ በረከት ነው፤ አንባቢው በ24 መጻሕፍት ውስጥ ያንኑ ልጅ ያገኛል። አንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚታይ ፊልም ግን ሲጀመርና ሲያልቅ አንድ ያልሆነ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ሃዶክ ብቻ ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ በዩኒኮርን መጽሐፍ ውስጥ ሃዶክ ቀድሞውኑ የቲንቲን ወዳጅ ነው፤ ተዋውቀው ጨርሰዋል። የተዋወቁት በሸርጣኑ መጽሐፍ ነው፤ እዚያ ሃዶክ በገዛ መርከቡ ውስጥ በምክትሉ ተንኮል በመጠጥ የደነዘዘ ምስኪን ሰካራም ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን ትውውቅ ነቅለው በዩኒኮርን ታሪክ መሐል ተከሉት። መጠጥ የቤተሰቡን ምስጢር ያስረሳው ሰው፣ የቅድመ አያቱን ክብር እስኪመልስ ድረስ የሚሄድበት መንገድ ተፈጠረ።

መንገዱ ደግሞ ባላንጣ ይሻል። በመጽሐፉ ውስጥ ክፉዎቹ የወፍ ስም ያላቸው ሁለት የጥንት ዕቃ ነጋዴ ወንድማማቾች ናቸው፤ ከሃዶክ ቤተሰብ ጋር የሚያገናኛቸው ጉዳይ የለም። ሳካሪን የሚባል ጺማም ሰብሳቢም አለ፤ እሱ ግን ምንም ጥፋት የሌለበት፣ ጥቂት ገጽ ላይ ታይቶ የሚያልፍ ሰው ነው። ፊልሙ ወንድማማቾቹን አሰናብቶ ይህን ምስኪን ሰብሳቢ የባሕር ወንበዴው የቀዩ ራክሃም ዘር አደረገው። አሁን የሁለት ቤተሰብ ቂም ሆነ። ሃዶክንና ቅድመ አያቱን አንዲ ሰርኪስ፣ ሳካሪንንና ወንበዴውን ዳንኤል ክሬግ ሁለቱንም እንዲጫወቱ የተደረገውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ለውጥ ብቻውን አይመጣም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው ከቲንቲን ቤት ደጃፍ ላይ በጥይት ይመታል። መናገር አቅቶት በጣቱ ወደ ድንቢጦች ያመለክታል። ምን ማለቱ እንደሆነ የሚገባን ብዙ ገጽ ቆይቶ፣ የወንድማማቾቹ የቤተሰብ ስም ወፍ መሆኑን ስናውቅ ነው። ወንድማማቾቹ ከፊልሙ ሲወጡ ድንቢጦቹ ትርጉም አጡ። ጸሐፊዎቹ ምን አደረጉ? ሰውየው ደጃፉ ላይ ይመታል፤ በእጁ የያዘው ጋዜጣ ላይ በደሙ የተወሰኑ ፊደላትን ይነካል፤ ፊደላቱ ሲገጣጠሙ «ካራቡጃን» የሚል ቃል ይሆናሉ። ካራቡጃን ደግሞ በሸርጣኑ መጽሐፍ ውስጥ የሃዶክ መርከብ ስም ናት። አንድ የተበላሸ ፍንጭ ሲጠገን ሁለቱን መጻሕፍት የሚያገናኝ በር ሆነ። ስለ ታማኝነት የሚከራከሩ ሰዎች እንደዚህ ያለውን ስፌት ቢመለከቱ መልካም ነበር፤ ጸሐፊዎቹ ከኤርዤ ዕቃ ቤት ባገኙት ክር ነው የሰፉት።

መደመርም ነበረ። ኦፔራ ዘፋኟ ቢያንካ ካስታፊዮሬ በሦስቱም መጻሕፍት ውስጥ የለችም፤ ፊልሙ ከሌላ መጽሐፍ አምጥቶ ድምፅዋን መስታወት መስበሪያ አደረገው። በአንጻሩ ጆሮው የደነቆረው ፕሮፌሰር ካልኩለስ መጀመሪያ ብቅ የሚለው በራክሃም መጽሐፍ ውስጥ ሆኖ ሳለ ከፊልሙ ቀርቷል። ሻርክ የሚመስለው ባሕር ሰርጓጁም አብሮት ቀረ።

መጠጥ፣ ጥይትና የቤተሰብ ፊልም

የድሮ ጀብዱ መጻሕፍት ለልጆች ተጻፉ ቢባልም የዛሬ ወላጅ ቅንድቡን የሚያነሣባቸው ነገሮች ሞልተውባቸዋል። በሸርጣኑ መጽሐፍ የሸርጣን ሥጋ ቆርቆሮዎቹ ውስጥ የሚጓጓዘው ኦፒየም ነው። ሃዶክ ሰክሮ በሕይወት አድን ጀልባ ላይ መቅዘፊያዎቹን አቃጥሎ እሳት ይሞቃል፤ አውሮፕላን የሚያበርረውን ቲንቲንን በጠርሙስ ይመታል። ጉዳዩ አዲስ አይደለም፤ መጽሐፉ ለአሜሪካ ገበያ ሲዘጋጅ አሳታሚዎቹ የመጠጥ ሥዕሎች እንዲወጡና ጥቁር ገጸ ባሕርያት እንዲቀየሩ ጠይቀው ኤርዤ አንዳንዶቹን እንደገና ሥሏል።

ፊልሙ ኦፒየሙን ጣለ፤ መጠጡን ግን ሊጥለው አልቻለም፤ ሃዶክን ያለ መጠጥ ማሰብ ስለማይቻል። የመረጠው ዘዴ መጠጡ ዋጋ እንዲያስከፍል ማድረግ ነው። ሃዶክ አያቱ በሞት አልጋ ላይ የነገሩትን ምስጢር ረስቶታል፤ ያስረሳው ጠርሙሱ ነው። ሰሃራ በረሃ ላይ ወድቀው የሚጠጣ ነገር ሲጠፋ፣ አእምሮው ጠርቶ ማስታወስ ይጀምራል። ይህ ለልጅ ያለ ስብከት የሚገባ ነገር ነው። ግን ፊልሙ ራሱ በሕጉ አልጸናም። ከዚያ በፊት በነበረው የአውሮፕላን ትዕይንት ነዳጅ ሲያልቅ፣ አልኮል የጠጣው ሃዶክ ግሳቱን ወደ ነዳጅ ታንኩ ለቆ ሞተሩን ያስነሣል። ልጆች ከት ብለው የሚስቁበት ቦታ ነው፤ እኔም ሳቄ አምልጦኛል። ይሁንና ያው መጠጥ በአንዱ ትዕይንት ትዝታ የሚሰርቅ እርግማን፣ በሌላው ሕይወት የሚያድን ተአምር ሲሆን ተመልካቹ የትኛውን ይያዝ?

የቅድመ አያቱ ትረካ ራሱ ለብቻው መታየት አለበት። በመጽሐፉ ውስጥ ሃዶክ ይህን የሚተርከው በመኖሪያ ቤቱ ሳሎን ነው። የቅድመ አያቱን ማስታወሻ አንብቧል፣ ሞቅ ብሎታል፣ ያረጀ ባርኔጣ ደፍቶ ጎራዴ ይዟል። ኤርዤ አንዱን ሥዕል ከዛሬው ሳሎን፣ ቀጣዩን ከጥንቱ መርከብ እያደረገ ያፈራርቃቸዋል፤ ሃዶክ ሳሎን ውስጥ የሰነዘረው ጎራዴ በሚቀጥለው ሳጥን በሰር ፍራንሲስ እጅ ወንበዴ ላይ ያርፋል። መጨረሻ ላይ ሃዶክ ተንደርድሮ የቅድመ አያቱን ሥዕል በጭንቅላቱ ይበሳዋል፤ ፊቱ በቅድመ አያቱ ፊት ቦታ ላይ ይቀመጣል። በወረቀት ላይ ይህን የሚያሠራው ያቺው ነጭ ክፍተት ናት፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በአንዲት ክፍተት ውስጥ ይታለፋል። ፊልም እንዲህ ያለ ክፍተት የለውም፤ ስለዚህ ስፒልበርግ ሌላ ዘዴ ፈለገ። ሃዶክ በረሃ ላይ ቆሞ ሲያይ የአሸዋው ኮረብታ ወደ ማዕበል ይለወጣል፤ ከማዕበሉም ጀርባ ዩኒኮርን ሸራዋን ዘርግታ ትወጣለች። መቁረጥ ሳይኖር ዘመኑ ተለወጠ። ከፊልሙ አንድ ትዕይንት ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ መጽሐፉን ሳይገለብጥ የመጽሐፉን ውጤት አግኝቷልና።

ሁለት ነጥብ የሆኑ ዓይኖች

የኤርዤ አሣሣል በባለሙያዎች ዘንድ ጥርት ያለ መስመር ይባላል። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት አለው፤ ጥላ የለም፤ ቀለሙ ወጥ ነው። መርከቦች፣ መኪኖችና ሕንፃዎች ከፎቶግራፍ ተጠንተው በዝርዝር ይሣላሉ፤ የቲንቲን ፊት ግን ክብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ትንሽ አፍንጫና ቁንጮ ነው። ባዶ ስለሆነ ማንም ልጅ ራሱን ያስገባበታል።

ይህን ፊት ወደ ባለሦስት አውታር ምስል መለወጥ አስቸጋሪ ነው። ነጥብ የነበረው ዓይን ሽፋሽፍት፣ እርጥበትና የደም ሥር ያስፈልገዋል። ጃፓናዊው የሮቦት ሊቅ ማሳሂሮ ሞሪ በ1970 እንዳመለከቱት፣ ሰው ሠራሽ ፍጡር ሰውን እየመሰለ ሲሄድ እንወደዋለን፤ ሰው ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ግን በድንገት ይቀፈናል። በ2004 የወጣ፣ እንደ ቲንቲን የተዋንያንን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር በመቅዳት የተሠራ የገና ፊልም ገጸ ባሕርያቱ የሞተ ዓይን አላቸው ተብሎ ክፉኛ ተተችቶበታል። የቲንቲን ሠሪዎች ቆዳውን እውነተኛ፣ ቅርጹን ግን የካርቱን አደረጉት፤ የሃዶክ አፍንጫ ድንች ያህላል፣ የሁለቱ መንታ መሳይ መርማሪዎች ጭንቅላትም እንደ ሥዕሉ ነው። ለሃዶክ ይህ ተሳክቷል፤ መጀመሪያውኑም ፊቱ በጺም፣ በሽብሽብና በቁጣ የተሞላ ነበር። ለቲንቲን ግን ዕዳ ሆነ። ባዶ የነበረው ፊት የአንድ የተወሰነ ልጅ ፊት ሆነ፤ ያ ልጅ ደግሞ ብዙ የሚያሳየው ስሜት የለውም።

ሠሪዎቹ ይህን አላጡትም። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ አንድ የጎዳና ሠዓሊ ገበያ ውስጥ የቲንቲንን ምስል ይሥላል፤ ሠዓሊው ራሱ ኤርዤን ይመስላል። ሥዕሉ ሲገለጥ የምናየው የመጽሐፉን ቲንቲን ነው፤ ክብ ፊት፣ ሁለት ነጥብ። «የምታውቁት እሱ ነው፤ የምናሳያችሁ ደግሞ ይህንን» ማለታቸው ነው።

ክብደት የሌለው ካሜራ

አሠራሩ የትወና ቀረጻ ይባላል። ጄሚ ቤል ቲንቲንን፣ ሰርኪስ ሃዶክን የተጫወቱት ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ ምልክት የተለጠፈበት ጥብቅ ልብስ ለብሰው ነው። በዙሪያው ያሉት ካሜራዎች የምልክቶቹን እንቅስቃሴ ይከታተላሉ፤ ከራሳቸው ላይ የታሰረ ትንሽ ካሜራ ደግሞ ፊታቸውን ብቻ ይቀርጻል። ኮምፒውተሩ እንቅስቃሴውን ለዲጂታሉ አካል ይሰጣል። ስፒልበርግ በእጁ ስክሪን ያለው መሣሪያ ይዞ በተዋንያኑ መካከል ይዘዋወራል፤ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ባዶውን አዳራሽ ሳይሆን መርከቧንና ገጸ ባሕርያቱን ነው። ትወናው የተቀረጸው በ2009 ነው፤ ከዚያ በኋላ የፕሮዲዩሰሩ የፒተር ጃክሰን ወገን የሆነው የኒውዚላንዱ ዌታ ዲጂታል ምስሉን እስኪጨርስ 2011 ደረሰ። ውሻው ስኖዊን ግን የተጫወተ ውሻ የለም፤ አኒሜተሮቹ ናቸው ያንቀሳቀሱት። በመጽሐፉ ውስጥ ሐሳቡ የሚነበበው ስኖዊ በፊልሙ አይናገርም፤ ቲንቲን ለራሱ የሚያወራውን ሁሉ የሚሰማ ጆሮ ሆኖ ግን ታሪኩን ያግዛል።

የዚህ ዘዴ ስጦታም መዘዝም አንድ ነው፤ ካሜራው ክብደት የለውም። ባግጋር በተባለችው ምናባዊ የሞሮኮ ወደብ የሚካሄደው ማሳደድ ከሁለት ደቂቃ በላይ ያለ አንድም ቁርጥ የሚሄድ ነው። ግድብ ፈርሶ ውኃ ከተማውን ያጥለቀልቃል፣ ሞተር ብስክሌት በጣሪያና በገመድ ላይ ያልፋል፣ ጭልፊት ብራናዎቹን ይዞ ይበራል፤ ካሜራው ሁሉንም ይከተላል። በማንኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም። ሲታይ አፍ ያስከፍታል። ሆኖም ካሜራው ግድግዳ የማያግደው ከሆነ ቲንቲንንስ ምን ያግደዋል? ኤርዤ አደጋን የሚያሳምነን በማቆም ነበር፤ በገጹ የመጨረሻ ሥዕል ላይ ቲንቲን ከገደል ጫፍ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ገጹን እስክንገልጥ ድረስ እጁ ሊለቅ ይችላል። የማይቆም ትዕይንት እንዲህ ያለ ፍርሃት የመስጠት አቅሙ ደካማ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ዘዴ አኒሜሽን ነው ወይ የሚለው ክርክር እስከ ሽልማት ደርሷል። ፊልሙ በ2012 የጎልደን ግሎብን የአኒሜሽን ሽልማት ወሰደ፤ ለኦስካር ግን በአኒሜሽን ዘርፍ አልታጨም፤ የታጨው የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ብቻ ነው። የኦስካሩ ደንብ የትወና ቀረጻ ብቻውን የአኒሜሽን ጥበብ አይደለም ይላል።

ሌሎች በሌላ መንገድ ሄደዋል። የፈረንሳዩን አስቴሪክስን በ1967 ወደ አኒሜሽን የመለሰው የቤልጅየሙ ቤልቪዥን ስቱዲዮ ደራሲዎቹን ሳያማክር ነበር፤ ጎሲኒና ኡደርዞ ውጤቱን ስላልወደዱት በጅምር የነበረው ቀጣይ ፊልም ተሰረዘ፤ ከዚያ በኋላ በሥራው ራሳቸው ገቡበት። የአሜሪካው የኮሚክ ልጅ ቻርሊ ብራውን በ2015 ወደ ባለሦስት አውታር ሲመጣ ደግሞ አኒሜተሮቹ ጭንቅላቱን እንደልባቸው እንዳያዞሩ ተከለከሉ፤ ሠዓሊው ቻርልስ ሹልዝ ይሥላቸው የነበሩትን ጥቂት አቅጣጫዎች ብቻ ተጠቀሙ፤ ዓይንና አፉም በብዕር የተጫረ መስመር ሆኖ ቀረ። በ2018 የወጣው የሸረሪቱ ሰው (ስፓይደርማን) አኒሜሽን ይበልጥ ደፈረ። የድሮ ማተሚያ ነጠብጣቦችን በምስሉ ላይ በተነ፤ ብዙ ቦታም እያንዳንዱን አቋም ለሁለት ምስል ያህል አቆየው፤ በሰከንድ 24 የነበረው እንቅስቃሴ 12 ሆነ። ዓይን መቆራረጡን በትንሹ ያስተውለዋል፤ የሥዕል ሳጥኖቹን ምት ያገኘው በዚህ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ፣ የኤርዤ መስመር የሚስማማው ከቆዳ ቀዳዳ ይልቅ ለእንዲህ ያለው አሠራር ነው። ግን በ2009 ይህ መንገድ ገና አልተጠረገም ነበር።

የገበያው ነገር ደግሞ ከሥዕሉ ያላነሰ ወስኗል። ቲንቲንን አውሮፓ በቃሉ ያውቀዋል፤ አሜሪካ ግን እምብዛም አታውቀውም። ስለዚህ ፊልሙ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም በአንድ ጊዜ ማውራት ነበረበት፤ በአውሮፓ በኦክቶበር መጨረሻ፣ በአሜሪካ ደግሞ ዲሴምበር 21 እንዲወጣ የተደረገውም አውሮፓ ወሬውን እንድትጀምር ነው። 135 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 374 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ የተገኘው 78 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም።

ካልኩለስና ሻርክ መሳዩ ባሕር ሰርጓጅ የተቆጠቡት ለሁለተኛው ፊልም ታስቦ ነበር። ፊልሙም የሚያልቀው ሀብቱ ገና ባሕር ውስጥ እንዳለ በመጠቆም ነው። ሁለተኛውን ጃክሰን እንዲያዘጋጀው ተስማምተው ነበር፤ እስካሁን ግን አልተሠራም። የራክሃምን መጽሐፍ ያላነበበ ተመልካች የሁለቱን ቤተሰቦች ቂም እስከ ፍጻሜው ተከታትሎ ሀብቱን ፍለጋ ግን በጅምር ተሰናብቷል።